የጥንት ግሪኮች እንዴት ይተዳደሩ ነበር? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ከታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው፤ አቆጣጠሩም የፈረንጆች ነው።

የጥንት ግሪክ አንድ አገር ነበረች?

አልነበረችም። ግሪኮች ዘዬው ቢለያይም አንድ ቋንቋ ይናገሩ ነበር። አማልክታቸው አንድ ናቸው፤ እንደ ኦሎምፒክ ያሉ የጋራ በዓላትም ነበሯቸው። አንድ መንግሥት ግን ኖሯቸው አያውቅም። የነበራቸው «ፖሊስ» የሚባል ከተማ-መንግሥት ነው። አንድ ከተማ ከነዙሪያው ገጠር ራሱን ችሎ ሕግ ያወጣል፣ ሳንቲም ይቀርጻል፣ ጦር ያዘምታል፣ ከጎረቤቱም ይጣላል። ከስፔን ዳርቻ እስከ ጥቁር ባሕር ድረስ ከ1000 በላይ እንዲህ ያሉ ከተሞች ይታወቃሉ። አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው።

ስለዚህ «የግሪክ መንግሥት ምን ዓይነት ነበር?» ለሚል ሰው መልሱ «የትኛው ከተማ? በየትኛው ዘመን?» ነው። በዝርዝር የምናውቀው በአብዛኛው የአቴንስን ነው። አቴናውያን ውሳኔያቸውን ድንጋይ ላይ መቅረጽ ይወዱ ነበር፤ ጸሐፊዎችም ሞልተዋቸዋል። ስለ ስፓርታ እንኳ የጻፉልን በአብዛኛው የሌላ ከተማ ሰዎች ናቸው፤ ገሚሱ አድናቂ፣ ገሚሱ ጠላት።

ስንት ዓይነት አስተዳደር ነበራቸው?

ራሳቸው ግሪኮች የሚቆጥሩት በገዢዎቹ ብዛት ነው፦ አንድ ሰው ሲገዛ፣ ጥቂቶች ሲገዙ፣ ብዙኃኑ ሲገዛ። አሪስቶትል በዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ጨመረበት። ገዢው የሚገዛው ለሁሉም ጥቅም ነው ወይስ ለራሱ? በዚህ መንገድ ስድስት አገኘ። ጥሩዎቹ ንጉሣዊ አገዛዝ፣ አሪስቶክራሲ (የምርጦች አገዛዝ) እና «ፖሊቴያ» ብሎ የጠራው ለዘብተኛ የብዙኃን አገዛዝ ናቸው። የተበላሹት ደግሞ ቲራኒ (ለራሱ የሚገዛ አንድ ሰው)፣ ኦሊጋርኪ (የጥቂት ሀብታሞች አገዛዝ) እና ዴሞክራሲ (የብዙኃኑ አገዛዝ)። አዎ፣ ዴሞክራሲን ከተበላሹት ጋር ነው የመደበው። ወደዚያ እንመለስበታለን።

ይህ ምደባ ለፈተና ይጠቅማል፤ መሬት ላይ ግን ከተሞቹ ድብልቅ ነበሩ። እኔ የአንድን ከተማ ጠባይ ለመለየት ሦስት ነገር ብትጠይቁ ይሻላል ባይ ነኝ። ዜጋ የሚባለው ማን ነው? ሹመት የሚገኘው በዘር ነው፣ በምርጫ ነው ወይስ በዕጣ? ሹሙ ሲያጠፋ ማን ይጠይቀዋል?

ነገሥታት አልነበሯቸውም እንዴ?

ነበሯቸው። ከ1200 በፊት እንደ ማይሴኔና ፒሎስ ባሉ ቦታዎች ዘይቱን፣ ሱፉን፣ ነሐሱን ሁሉ ከቤተ መንግሥት የሚቆጣጠር ንጉሥ ነበር። ይህን ያወቅነው በሸክላ ጽላት ላይ ከተጻፉ የግምጃ ቤት መዝገቦች ነው። ቤተ መንግሥቶቹ በ1200 አካባቢ ተቃጠሉ፤ ሥርዓቱም አብሮ ጠፋ። በኋላ የመጡት «ንጉሥ» ቢባሉም ከአካባቢ አለቃ ብዙም አይበልጡም። ቀስ በቀስም ባላባት ቤተሰቦች ሥልጣኑን ተካፈሉት።

አቴንስ ውስጥ የንጉሡ ሥራ በየዓመቱ ለሚቀየሩ ዘጠኝ «አርኮን» የሚባሉ ሹማምንት ተከፋፈለ። ከዘጠኙ አንዱ «ንጉሥ» የሚለውን መጠሪያ እንደያዘ ቀረ፤ ሥራው ግን መሥዋዕትና የሃይማኖት ክስ ነው። ሶቅራጥስ ሲከሰስ መጀመሪያ የቀረበው እዚህ ሹም ዘንድ ነበር። እውነተኛ ንጉሥ ይዘው የቀጠሉት እንደ ስፓርታና መቄዶንያ ያሉት ናቸው።

ቲራን የሚባሉት እንደ ዛሬ አምባገነን ናቸው?

በከፊል ብቻ። ቲራን ማለት ሥልጣንን ከልማዱ ውጭ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጉልበት የያዘ ሰው ነው። መጥፎ መሆኑ ግዴታ አይደለም። በ600ዎቹና በ500ዎቹ የተነሡት ብዙዎቹ ራሳቸው ባላባት ሆነው በሌሎች ባላባቶች ላይ ያመፁ ናቸው። ቆሮንቶስን ለምሳሌ ባኪያድ የሚባል እርስ በርሱ ብቻ የሚጋባ ጎሣ ይዟት ነበር። ቂፕሴሎስ በ657 ገደማ ገልብጧቸው ሥልጣኑን ለልጁ ለፔሪያንደር አወረሰ።

የአቴንሱ ፔይሲስትራቶስ ደግሞ ተዋናይ ነገር ነው። በ560 ገደማ ራሱንና በቅሎዎቹን አቁስሎ ወደ ገበያ ገባና «ጠላቶቼ ሊገድሉኝ ነበር» አለ። ሕዝቡ አዝኖ ዱላ የያዙ ጠባቂዎች ፈቀደለት። በእነሱ ምሽጉን ያዘ። ተባረረ። ሁለተኛ ሲመለስ ፊዬ የምትባል ረጅምና ውብ ሴት የጦር ልብስ አልብሶ ሠረገላ ላይ አቆመና፣ አቴና የተባለችው አምላክ ራሷ እየመለሰችው እንደሆነ ሰው አስነገረ። ይህን የሚተርከው የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ እንኳ «ብልህ ነን የሚሉ አቴናውያን በዚህ መታለላቸው» ብሎ ይገረማል። እንደገና ተባሮ በ546 በጦር ተመልሶ መጣ። ሆኖም ለገበሬ ያበድር ነበር፤ ሕጉንም ብዙ አልነካም። ቲራን የሚለውን ስም ያጠለሹት በአብዛኛው ሁለተኛው ትውልድ፣ ልጆቹ ናቸው። የእሱም ልጅ ሂፒያስ ወንድሙ ከተገደለ በኋላ ጨካኝ ሆነና በ510 ተባረረ።

ዴሞክራሲን የጀመረው ማን ነው?

አንድ ሰው አይደለም። በ594 አርኮን የነበረው ሶሎን የገበሬውን ዕዳ ሰረዘ፤ ሰው ራሱን መያዣ አድርጎ እንዳይበደርም ከለከለ። ሹመትንም ከዘር አውጥቶ ከሀብት ጋር አገናኘው። ይህ ገና ዴሞክራሲ አይደለም፤ ድሃው ግን በገዛ አገሩ ባሪያ ሆኖ መሸጡ ቀረለት።

ትልቁን ሥራ የሠራው በ508/507 ክሌይስቴኔስ ነው። የድሮዎቹን አራት ነገዶች ትቶ አሥር አዳዲስ ፈጠረ። ብልሃቱ እዚህ ጋ ነው፤ እያንዳንዱ ነገድ ከከተማው፣ ከባሕር ዳርቻውና ከመሀል ገጠሩ አንድ አንድ ቁራጭ ይዞ የተሰፋ ነው። አንድ ባላባት የትውልድ አካባቢውን ሰው አሰልፎ ነገዱን በሙሉ መያዝ ከበደው። ታችኛው እርከን ደግሞ «ዴሞስ» የሚባሉ 139 ቀበሌዎች ናቸው። ዜጋ የሚመዘገበው በ18 ዓመቱ በአባቱ ቀበሌ ነው። በ462 ኤፊያልቴስ የባላባቶቹን የአርዮስፋጎስ ሸንጎ ሥልጣን ቀማ፤ ብዙም ሳይቆይ ተገደለ። ቀጥሎ የአቴንስ መሪ የነበረው ፔሪክሊስ ለዳኞች አበል ጀመረ። ድሃ ሰው ሥራ ፈትቶ ፍርድ ቤት መዋል የቻለው ከዚህ ወዲህ ነው።

የአቴንስ ጉባኤ ምን ይመስል ነበር?

ፒኒክስ በሚባል ኮረብታ ላይ፣ ከቤት ውጭ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ ነው። በ300ዎቹ በዓመት 40 ጊዜ ይሰበሰብ ነበር። መጀመሪያ አሳማ ይሠዋል፣ ጸሎት ይደርሳል፤ ከዚያ ዐዋጅ ነጋሪው «መናገር የሚሻ ማነው?» ይላል። ማንኛውም ዜጋ ተነሥቶ መናገር ይችላል። ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው። ጦርነት፣ ስምምነት፣ የእህል ግዢ፣ የመርከብ ሥራ፣ ሁሉም እዚያው ይወሰናል። ለአንዳንድ ጉዳይ፣ ለምሳሌ ለውጭ ሰው ዜግነት ለመስጠት፣ 6000 ሰው መገኘት ነበረበት።

ሰው ሁልጊዜ ደስ ብሎት ይመጣል ማለት አይደለም። የአስቂኝ ቴአትር ደራሲው የአሪስቶፋነስ ቀልድ እንደሚነግረን፣ ገበያ ላይ ወሬ የያዙትን ቀይ ቀለም በተነከረ ገመድ እየጠረጉ ወደ ስብሰባው ይነዷቸው ነበር። ልብሱ ላይ ቀለም የተገኘ ሰው ሰበብ የለውም። ከ403 በኋላ ግን ለመጣ ሰው አበል መክፈል ተጀመረና ሰው መጋፋት ጀመረ።

ባለሥልጣን በዕጣ ይሾም ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ የሥርዓቱ ልብም እሱ ነው። የጉባኤውን አጀንዳ የሚያዘጋጀው ምክር ቤት 500 አባላት አሉት፤ ከየነገዱ 50፣ ሁሉም በዕጣ። ዕድሜ ከ30 በላይ፣ የሥራ ዘመን አንድ ዓመት፣ በሕይወት ዘመን ከሁለት ጊዜ በላይ አይቻልም። የእያንዳንዱ ነገድ 50 ሰዎች የዓመቱን አንድ አሥረኛ ተረኛ ሆነው ይሠራሉ። ከእነሱ መካከል ደግሞ በየቀኑ አንድ ሊቀመንበር በዕጣ ይወጣል። ይህ ሰው ለአንድ ሌሊትና ለአንድ ቀን የግምጃ ቤቱን ቁልፍና የከተማውን ማኅተም ይይዛል። ከዚያ በሕይወቱ ሁለተኛ አይደርሰውም። የወይራ ገበሬ ወይም ጫማ ሰፊ ለአንድ ቀን የአቴንስ ርዕሰ መንግሥት ይሆናል ማለት ነው።

ለዳኞችና ለሹማምንት የሚጠቀሙበት የዕጣ ድንጋይ ስባሪ ዛሬም አቴንስ በጥንታዊው ገበያ ሙዚየም ቆሟል። በረድፍ የተሰነጣጠቀ የእብነ በረድ ሰሌዳ ነው። እያንዳንዱ ሰው ስሙ፣ የአባቱ ስምና ቀበሌው የተቀረጸበትን የነሐስ ቁራጭ ስንጥቁ ውስጥ ያስገባል። በጎኑ ባለ ቱቦ ጥቁርና ነጭ ኳሶች ይለቀቃሉ። ነጭ ከወጣ የዚያ ረድፍ ሰዎች በሙሉ ተመርጠዋል፤ ጥቁር ከወጣ ሁሉም ወደ ቤታቸው። ጉቦ መስጠት ቢያምርህ እንኳ ለማን እንደምትሰጥ አታውቅም።

ታዲያ ምንም የማያውቅ ሰው ቢወጣስ?

ግሪኮችም ይህንኑ ጠይቀዋል። ሶቅራጥስ መርከብ ነጂ በዕጣ አይመረጥም እያለ ይቀልድ ነበር ይባላል። መከላከያዎች ግን ነበሩ። ዕጣ የወጣለት ሰው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይመረመራል፦ ዜጋ ነህ? ወላጆችህን በወጉ ትይዛለህ? ግብር ከፍለሃል? ዘምተሃል? ሥራውን ሲጨርስ ደግሞ ሒሳቡን ማወራረድ ግዴታው ነው። ሳያወራርድ ከአገር መውጣት አይችልም። በዚያ ላይ ብዙው ሥራ በአሥር በአሥር ሰው ቡድን የሚሠራ ነው፤ አንድ ደካማ ቢገባ ዘጠኙ ይሸፍኑታል።

ልዩ ችሎታ የሚጠይቀውን ደግሞ ለዕጣ አልተዉትም። አሥሩ የጦር አዛዦች በየዓመቱ በምርጫ ይሾማሉ፤ ደጋግሞ መመረጥም ይቻላል። ፔሪክሊስ በኋለኛው ዘመኑ ለ15 ዓመታት በተከታታይ ተመርጧል። ኃይሉ የመጣው ከዚህ ነው እንጂ «ፕሬዚዳንት» የሚባል ሹመት ኖሮት አይደለም።

ፍርድ ቤታቸውስ? ዳኛና ጠበቃ ነበራቸው?

የሕግ ባለሙያ የሚባል ዳኛ የላቸውም። በየዓመቱ ከ30 ዓመት በላይ የሆኑ 6000 ዜጎች ይምላሉ። በእያንዳንዱ የችሎት ቀን ከመጡት መካከል በዕጣ ይደለደላሉ፤ 201፣ 501፣ ከዚያም በላይ ይሆናሉ። አበሉ በ425 ገደማ ሦስት ኦቦል (ትንሽ የብር ሳንቲም) ደርሷል፤ የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ግማሽ አካባቢ ነው። ጡረተኛና ሥራ ፈት ብቻ ነው የሚቀመጠው እያሉ የሚያላግጡ አልጠፉም። ዐቃቤ ሕግም የለም፤ የሚከሰው የተቆጣ ዜጋ ነው። ተከራካሪው የሚናገረው ራሱ ነው፤ ንግግሩን ግን ገንዘብ ከፍሎ ማስጻፍ ይችላል። ጊዜው የሚለካው ከሸክላ ማሰሮ በሚንቆረቆር ውሃ ነው። ውሃው ሲያልቅ ንግግሩም ያልቃል።

ድምፅ አሰጣጣቸው ደስ ይላል። እያንዳንዱ ዳኛ መሀሉ ላይ ዘንግ ያላቸው ሁለት የነሐስ ድምፅ መስጫዎች ይሰጠዋል። የአንዱ ዘንግ ክፍት ነው፤ ለከሳሹ። የሌላው ድፍን ነው፤ ለተከሳሹ። ዳኛው ጫፎቹን በአውራ ጣቱና በሌላ ጣቱ ሸፍኖ ወደ ዕቃው ሲጥል አጠገቡ ያለው ሰው እንኳ የትኛውን እንደጣለ አያይም። ይግባኝ የለም። በአንድ ቀን ያልቃል፤ የሞት ፍርድም ቢሆን።

ሰውን በገል ከአገር ያባርሩ ነበር ሲባል ምን ማለት ነው?

በዓመት አንድ ጊዜ ጉባኤው «ዘንድሮ የምናባርረው ሰው አለ?» ተብሎ ይጠየቃል። ካለ፣ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ገበያው ይታጠርና ዜጎች የአንድ ሰው ስም ገል ላይ ጭረው ያስገባሉ። ቢያንስ 6000 ገል ከተገኘ፣ ብዙ ድምፅ ያገኘው በአሥር ቀን ውስጥ ለአሥር ዓመት ከአገር ይወጣል። ክስም ወንጀልም አይደለም። ንብረቱም ዜግነቱም አይነካም። ዓላማው ከመጠን በላይ የገነነ ሰው ቲራን ሳይሆን ማስተንፈስ ነው። መጀመሪያ የዋለው በ487 ነው፤ ቴሚስቶክሊስ፣ ኪሞንና አሪስቲዲስ ሁሉ ቀምሰውታል።

የሕይወት ታሪክ ጸሐፊው ፕሉታርክ እንደሚተርከው አንድ መጻፍ የማይችል ገበሬ ገሉን ለአሪስቲዲስ ራሱ ሰጥቶ «አሪስቲዲስ ብለህ ጻፍልኝ» አለው። «ምን በደለህ?» ሲለው «አላውቀውም፤ ብቻ በየቦታው ‹ጻድቁ› ሲባል መስማት ሰለቸኝ» አለ። አሪስቲዲስም ጻፈለት።

ማጭበርበርስ? አርኪዮሎጂስቶች ከአክሮፖሊስ ሥር ከአንድ ጉድጓድ የቴሚስቶክሊስ ስም ያለባቸው 190 ገሎች አገኙ። የእጅ ጽሑፉ ሲታይ የጻፉት 14 ሰዎች ብቻ ናቸው። አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ሊታደል የነበረ ይመስላል። ነገሩ የቀረው በ410ዎቹ ነው። ተቀናቃኞቹ ፖለቲከኞች አልኪቢያዲስና ኒኪያስ እርስ በርስ መጠፋፋታቸውን ትተው ደጋፊዎቻቸውን አስተባበሩና ሂፐርቦሎስ የሚባል ሦስተኛ ሰው አስባረሩ። ከዚያ በኋላ ማንም በዚህ መንገድ አልተባረረም።

ሴቶች፣ ባሮችና የውጭ ሰዎች ድምፅ ነበራቸው?

አልነበራቸውም። ዜጋ ሆኖ ድምፅ የሚሰጠው ጎልማሳ ወንድ ነው። ከ451 ጀምሮ ደግሞ አባትም እናትም አቴናዊ መሆን አለባቸው። ሕጉን ያስወጣው ፔሪክሊስ ነው፤ በኋላ ሕጋዊ ልጆቹ ሲሞቱበት ከውጭ አገር ሴት የወለደው ልጁ ዜጋ እንዲሆንለት ራሱ መለመን ግድ ሆነበት። በ300ዎቹ ድምፅ ያላቸው ወንዶች 30,000 ገደማ ነበሩ። ከሴቱ፣ ከሕፃኑ፣ ከመጤውና ከባሪያው ጋር ሲታይ ይህ ጥቂት ነው።

መጤው ይነግዳል፣ ይዘምታል፣ ልዩ ግብር ይከፍላል፤ መሬት ግን መግዛት አይችልም። አሪስቶትል ራሱ አቴንስ ውስጥ መጤ ነበር። ባሪያው ደግሞ ከላውሪዮን የብር ማዕድን እስከ መንግሥት ቢሮ አለ። የገበያውን ሳንቲም እውነተኛ ይሁን ሐሰተኛ የሚለየው የመንግሥት ባሪያ ነበር፤ እሱ ያጸደቀውን ብር አልቀበልም ያለ ነጋዴ ዕቃው ይወረሳል።

ስፓርታ ምን ነበረች? ንጉሣዊ? ወታደራዊ?

ግሪኮችም ግራ ይገባቸው ነበር። ከሁለት ቤተሰብ የሚመጡ ሁለት ነገሥታት በአንድ ጊዜ አሏት። ከ60 ዓመት በላይ የሆናቸው 28 ሽማግሌዎች ከሁለቱ ነገሥታት ጋር 30 ሆነው «ጌሩሲያ» የሚባል ሸንጎ ይመሠርታሉ፤ ሹመቱ ለዕድሜ ልክ ነው። በየዓመቱ የሚመረጡ አምስት «ኤፎሮች» ደግሞ ነገሥታቱን ሳይቀር ይከሳሉ፣ ይቀጣሉ። በየወሩ ነገሥታቱ በሕግ ለመግዛት፣ ኤፎሮቹ ደግሞ ንጉሡ ቃሉን ከጠበቀ ዙፋኑን ላለመንካት ይማማላሉ። ከዚህ በታች የዜጎች ጉባኤ አለ፤ የሚወስነው በጩኸት ነው። ሽማግሌ ሲመረጥ መራጮቹ ዳኞች መስኮቱ በተዘጋ ቤት ተቀምጠው ለየትኛው ዕጩ ብዙ እንደተጮኸ ያዳምጣሉ። አሪስቶትል «የልጅ ሥራ» ብሎታል።

ይህ ሁሉ የቆመው በሄሎቶች ጫንቃ ላይ ነው። ሄሎት ማለት መሬቱን እያረሰ ስፓርታውያንን የሚቀልብ፣ በባርነት የተያዘ ሕዝብ ነው፤ በቁጥር ከጌቶቹ እጅግ ይበልጣል። ኤፎሮቹ በየዓመቱ በሄሎቶች ላይ ጦርነት ያውጁ ነበር። ሄሎት የገደለ ሰው በደም እንዳይጠየቅ ነው። የስፓርታ ጦረኝነት ምንጩ ይህ ፍርሃት ነው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም። ለጋራ ማዕድ መዋጮውን መክፈል ያቃተው ዜጋ ከዜግነት ይወርዳል፤ በ480 ወደ 8000 የነበሩት ዜጎች በ371 ከ1500 በታች ወርደው ነበር።

ኦሊጋርኪ በተግባር ምን ይመስላል?

ጥቂት ሀብታሞች ምክር ቤቱን ይይዛሉ፤ ሹመት ለተወሰነ ሀብት ላለው ብቻ ነው። ማሳሊያ፣ የዛሬዋ ማርሴይ፣ ለዕድሜ ልክ በሚቀመጡ 600 ሰዎች ትተዳደር ነበር። ረጋ ያለ ኦሊጋርኪ ነው። ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም። አሪስቶትል አንዳንድ ከተሞች ውስጥ ኦሊጋርኮች «ለሕዝቡ ጠላት እሆናለሁ፤ የምችለውን ክፉ ሁሉ አስብበታለሁ» ብለው እንደሚምሉ ጽፏል።

አቴንስም ሁለቴ ቀምሳዋለች። በ411 አራት መቶ ሰዎች ሥልጣን ያዙ፤ በወራት ውስጥ ወደቁ። በ404 ስፓርታ ከአቴንስ ጋር የነበራትን ጦርነት አሸንፋ «ሠላሳዎቹ» የሚባሉትን አስቀመጠች። ወደ 1500 ሰው ገደሉ፤ ሀብታም መጤዎችን ለንብረታቸው ሲሉ ጭምር። በ403 ዴሞክራቶቹ ሲመለሱ ግን በቀል አልተነዛም። ከዋናዎቹ አጥፊዎች በቀር ማንም ያለፈውን እያነሣ እንዳይካሰስ ተማማሉ፤ መሐላውም በአብዛኛው ተጠበቀ።

የአቴንስ ዴሞክራሲ ተሳስቶ ያውቃል?

በጣም። በ427 ሚቲሌኔ የምትባል ከተማ በአቴንስ ላይ አመፀችና ተያዘች። ጉባኤው በንዴት ወንዱ በሙሉ ይገደል፣ ሴቱና ሕፃኑ ይሸጥ ብሎ ወሰነ። መርከብ ትእዛዙን ይዛ ሄደች። በማግሥቱ ሰው ጸጸተው። እንደገና ተሰበሰቡ፤ ክሌዮን ይገደሉ አለ፣ ዲዮዶቶስ አይጠቅመንም አለ፤ በጠባብ ድምፅ ዲዮዶቶስ አሸነፈ። ሁለተኛ መርከብ ተላከች። ቀዛፊዎቹ በወይን ጠጅና በዘይት የተለወሰ የገብስ ዱቄት እየቀዘፉ ይበሉ ነበር፤ በየተራ ተኙ። አዛዡ የመጀመሪያውን ትእዛዝ አንብቦ ሊፈጽም ሲል ደረሱ። ሕዝቡ ተረፈ፤ የአመፁ መሪ ናቸው የተባሉት ግን ተገደሉ።

በ406 ደግሞ የባሕር ጦርነት ያሸነፉ አዛዦችን፣ በማዕበሉ ምክንያት የሰጠሙትን ባለማንሳታቸው፣ በአንድ ላይ ፈርደው ስድስቱን ገደሉ። ያን ቀን ከተረኞቹ የምክር ቤት አባላት አንዱ ሶቅራጥስ ነበር፤ ሕገወጥ ነው ብሎ ተቃወመ፤ ሰሚ አላገኘም። በ399 የመከሰስ ተራው ለራሱ ደረሰ፤ ሞትም ተፈረደበት። ፕላቶ እንደጻፈው ሠላሳ ድምፅ ቢዞር ኖሮ ነፃ ይወጣ ነበር።

ፕላቶና አሪስቶትል ዴሞክራሲን ለምን አልወደዱትም?

የፕላቶን መምህር ሶቅራጥስን የገደለው ዴሞክራሲ ነው። ግን ፕላቶ ኦሊጋርኪንም በቅርብ አይቶታል፤ ከሠላሳዎቹ መሪ አንዱ ክሪቲያስ የእናቱ ዘመድ ነበር። ሁለቱም ስላስጠሉት የሚያውቅ ይግዛ አለ። ሲሲሊ ደሴት ላይ ወዳለችው ሲራኩስ ሄዶ ወጣቱን ገዢ ዳግማዊ ዲዮኒሲዮስን ፈላስፋ ለማድረግ ሞከረ፤ አልተሳካም።

አሪስቶትል ለየት ይላል። ከመፍረዱ በፊት መረጃ ሰበሰበ፤ እሱና ተማሪዎቹ የ158 ከተሞችን አስተዳደር ጽፈዋል። የአቴንሱ ጠፍቶ ኖሮ፣ ግብፅ ውስጥ በእርሻ ሒሳብ መዝገብ ጀርባ ተገልብጦ ተገኘና በ1891 ዓ.ም. ታተመ። ዴሞክራሲን ከተበላሹት ቢመድበውም ከሦስቱ የሚሻለው እሱ ነው ይላል። ብዙኃኑ በአንድ ላይ ሲመክሩ ከአንድ ሊቅ ሊሻሉ እንደሚችሉም ጽፏል፤ ሁሉም ያዋጣበት ድግስ አንድ ሰው ካወጣበት እንደሚሻል።

አቴንስ ዴሞክራሲ ከነበረች ለምን ሌሎችን ትገዛ ነበር?

አንዱ ሌላውን አልከለከለም፤ እንዲያውም ተደጋግፈዋል። በ478 ፋርስን ለመከላከል የተመሠረተው ኅብረት ቀስ በቀስ የአቴንስ ግዛት ሆነ። ልውጣ ያለ ተመታ። በ454 ግምጃ ቤቱ ከዴሎስ ደሴት ወደ አቴንስ ተዛወረ። ከየከተማው ግብር አንድ ስድሳኛው ለአቴና ሲሰጥ የተጻፈበት ድንጋይ ዛሬም አለ። መርከቦቹን የሚቀዝፈው ድሃው ዜጋ ነው፤ ደመወዙም በጉባኤው ያለው ክብደትም ከዚያ ይመጣል። በ416 ትንሿ ሜሎስ አልገብርም ስትል ጎልማሳ ወንዶቿን የገደለው ይኸው ጉባኤ ነው። እዚህ ጋ ሁለተኛ መርከብ አልተላከም።

ዴሞክራሲው መቼ አበቃ?

በ338 የመቄዶንያው ፊሊጶስ ቢያሸንፋቸውም ጉባኤው ቀጥሏል። እስክንድር ከሞተ በኋላ አቴንስ አመፀችና ተሸነፈች። በ322 የመቄዶንያው ሹም አንቲፓትሮስ 2000 ድራክማ (የግሪክ ገንዘብ) የሚያወጣ ሀብት የሌለው ዜጋ ድምፅ እንዳይሰጥ አደረገ፤ ፕሉታርክ ከ12,000 በላይ ሰው መብቱን አጣ ይላል። በኋላ ብልጭ ድርግም እያለ ተመላልሷል። በዚሁ ዘመን ሌላ ሐሳብ አደገ፤ የከተሞች ኅብረት። በዛሬዋ ቱርክ በነበረው በሊቂያ ኅብረት ትልቅ ከተማ ሦስት፣ መካከለኛ ሁለት፣ ትንሽ አንድ ድምፅ ነበራቸው። የደቡብ ግሪክ ከተሞች የመሠረቱትን የአካይያን ኅብረት ግን ሮም በ146 ቆሮንቶስን አፍርሳ ሰበረችው።

የዛሬው ዴሞክራሲ ከአቴንስ የመጣ ነው?

ስሙ አዎ፤ አሠራሩ ብዙም አይደለም። አሪስቶትል ሹመት በዕጣ ሲሆን ዴሞክራሲያዊ፣ በምርጫ ሲሆን ኦሊጋርኪያዊ ተደርጎ እንደሚታይ ጽፏል። ምርጫ የሚያሸንፈው ስም፣ ገንዘብና አንደበት ያለው ነውና። በዚህ ሚዛን ዛሬ «ዴሞክራሲ» የምንላቸውን አገሮች አንድ አቴናዊ ቢያይ፣ ሕዝብ በየጥቂት ዓመቱ ባላባት የሚመርጥባቸው ኦሊጋርኪዎች ይላቸው ነበር ብዬ እገምታለሁ። የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ካረቀቁት አንዱ ጄምስ ማዲሰንም በ1787 ዓ.ም. ሕዝብ በቀጥታ የሚወስንበትን ሥርዓት ሁከት ያበዛል ብሎ ነው የገፋው። ልዩነቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው።

ዕጣው ግን ፈጽሞ አልጠፋም። አሜሪካ ዜግነት የወሰዱ ወገኖቻችን የጁሪ (ፍርድ ቤት ተቀምጠው የሚፈርዱ ተራ ዜጎች) ጥሪ ደብዳቤ ሲደርሳቸው «እኔን ማን መረጠኝ?» ይላሉ። ማንም አልመረጣቸውም፤ ስማቸው ከመዝገብ በዕጣ ወጥቶ ነው። አየርላንድም በ2016 ዓ.ም. 99 ዜጎች በዕጣ አውጥታ፣ በአንድ ሊቀመንበር መሪነት፣ በፅንስ ማቋረጥ ሕግ ላይ እንዲመክሩ አደረገች። እነሱ ሕጉ ይቀየር አሉ፤ በ2018 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔም ሕዝቡ ተስማማ።